አስትሮይድና ኮሜት መፈለግ የእውነት ስራ ነው ወይስ ሆቢ?

ሰማይ_ጠባቂዋ፦
ሰላም ወገን፣ ፊዚክስ ሁለተኛ አመት ነኝ። ከድሮም አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞሩ ድንጋዮች) እና ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) የሚያገኙ ሰዎች ያስቀኑኛል፣ ግን ታላቅ ወንድሜ "አንቺ ደሞ ምድሩን ጨርሰሽ ነው ሰማይ የምትወጪው" እያለ ያሾፍብኛል። እውነት ደሞዝ የሚከፈልበት ስራ ነው? ሌሊቱን ሙሉ ቴሌስኮፕ ላይ አይን ተክሎ ማደር ነው? ደሞ ያገኘሁትን በእናቴ ስም መሰየም እችላለሁ ወይ፣ አትሳቁብኝ

ፒክስል_ቆጣሪ፦
አይን ተክሎ ማደሩ ቀርቷል እህቴ። አሁን ለምሳሌ አሜሪካ አሪዞና ያለው ካታሊና ስካይ ሰርቬይ የሚባለውን የአስትሮይድ ፍለጋ ፕሮጀክት (ሰርቬይ) ብትወስጂ፣ ቴሌስኮፑ አንዱን የሰማይ ክፍል በደቂቃዎች ልዩነት አራቴ ያነሳዋል፣ ሶፍትዌሩ ቦታዋን የቀየረች ነጥብ ለይቶ ያወጣል፣ ከዛ ተረኛው ሰውዬ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ አራቱን ፎቶ እያፈራረቀ ይቺ እውነተኛ ናት ይቺ ውሸት ናት ይላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ስራው ይሄ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ሰማዩ ስለሚበራ ያርፋሉ። እውነተኛ የመሰለው ወዲያው ማይነር ፕላኔት ሴንተር (ከአለም ዙሪያ የአስትሮይድና የኮሜት ምልከታ የሚሰበስበው ማዕከል) ይላካል፣ ሌሎች ቴሌስኮፖች ደግመው ካላዩት ግን ይጠፋል፣ ግኝት ብሎ ነገር የለም።
አንዳንዴ ግን አንዷ ነጥብ ጉድ ታፈላለች። ጥቅምት 2008 (በፈረንጅ) እዛው ካታሊና ላይ የታየችው 2008 ቲሲ3 የምትባል አስትሮይድ፣ ስፋቷ 4 ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ በተገኘች 20 ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ሱዳን በረሃ ላይ ወደቀች። ከመውደቋ በፊት ሰው ያያት የመጀመሪያዋ ናት። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን በረሃውን በሰልፍ በእግራቸው እያሰሱ ስብርባሪዋን ለቀሙት። አስቢው፣ ማታ ስክሪን ላይ ነጥብ የነበረች ነገር በኋላ እጅሽ ላይ ድንጋይ ሆና
ደሞዝ አለው፣ ቦታው ግን በጣም ጥቂት ነው።

አሮጌ_ፊልም፦
ፒክስል ያለው ልክ ነው ግን ልጅቷን አታስፈራራት። ካሮሊን ሹሜከርን አንብቢ እህቴ። የተማረችው ታሪክና ፖለቲካል ሳይንስ ነው፣ ልጆቿን አሳድጋ 50 ካለፋት በኋላ ጀምራ 32 ኮሜትና ከ300 በላይ አስትሮይድ አገኘች። በነሱ ጊዜ ፊልም ነበር፣ የአንድ ቦታ ሁለት ፎቶ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ስር ጎን ለጎን ታደርጋለች፣ የተንቀሳቀሰው ነገር ከከዋክብቱ በላይ ተንሳፎ ይታያታል። መጋቢት 1993 (በፈረንጅ) ደሞ ሰማዩ ደመና ነው፣ ጥሩ ፊልም አናባክን ብለው ብርሃን የነካው የተበላሸ ፊልም ተጠቀሙ፣ እሱ ላይ ነው የተጨፈለቀ የሚመስል ኮሜት ያየችው። ሹሜከር ሌቪ 9 ማለት ያ ነው፣ ሐምሌ 1994 ተሰባብሮ ጁፒተር ላይ የወረደው። በተበላሸ ፊልም!!

ኮድ_በሌሊት፦
ደስ ይላል ግን ያ ዘመን አልፏል፣ እውነቱን እንንገራት። ቺሊ ያለው ሩቢን የሚባለው ትልቅ ቴሌስኮፕ 2025 ላይ የመጀመሪያ ምስሎቹን ሲለቅ በ10 ሰዓት ገደማ ምልከታ ብቻ 2104 አዲስ አስትሮይድ ይዞ መጣ፣ ከዚ ጋር በአይን ልትወዳደሪ ነው? የሚፈለገው ምህዋር የሚያሰላና የዳታውን ጎርፍ የሚያጣራ ሰው ነው፣ ስለዚ ፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) እና ስታትስቲክስ ላይ በርቺ። ግን ደሞ 2019 ላይ ቦሪሶቭ የሚባለው አማተር ሰውዬ ራሱ በሰራው 65 ሳንቲሜትር ቴሌስኮፕ ንጋት አካባቢ ፀሐይ አጠገብ ዝቅ ብሎ ሲፈልግ ከሌላ የኮከብ ስርዓት የመጣ ኮሜት አገኘ፣ ትልልቆቹ ብዙም የማያዩት ቦታ ነው። እንግዲህ ራሴን ተቃወምኩ መሰለኝ

ነጥብ_ለቃሚ፦
እኔ ለተማሪዎች በነፃ ፎቶ የሚሰጥ የፍለጋ ፕሮግራም ላይ ገብቼ ነበር፣ አስትሮሜትሪካ በሚባል ሶፍትዌር አራት ፎቶ ታፈራርቂያለሽ። ሶስት ቀን ሙሉ አገኘሁ ብዬ ለሰው ሁሉ ሳወራ የነበረው ነጥብ የካሜራው የተበላሸ ፒክስል ሆኖ ተገኘ፣ እስካሁን ጓደኞቼ ፒክስሉ ይሉኛል። ግን አይንሽን ያሰለጥነዋል፣ ግቢበት።
ስም ላይ፣ ኮሜት ከሆነ ያንቺው ወይ የሰርቬዩ ስም ነው የሚወጣለት፣ ለእናት አይሆንም። አስትሮይድ ግን መጀመሪያ ጊዜያዊ መለያ ያገኛል፣ ምህዋሩ በደንብ ተረጋግጦ ቋሚ ቁጥር እስኪሰጠው አመታት ይፈጃል፣ ከዛ አግኚዋ ስም ታቀርባለች፣ የአለም አቀፉ አስትሮኖሚ ህብረት ኮሚቴ ያፀድቃል። በላቲን ፊደል ከ16 መብለጥ የለበትም፣ የራስሽን ስም ማውጣት ነውር ነው፣ የእናት ግን ይቻላል።

ሰማይ_ጠባቂዋ፦
አሮጌ ፊልም እግዜር ይስጥልኝ፣ የሴትየዋን ታሪክ ለወንድሜ ላኩለት "50 እስኪሞላሽ ታዲያ ጊዜ አለሽ" አለኝ። የእናቴን ስም ቆጠርኩት 11 ነው ሃሃሃ። ነጥብ ለቃሚ እንዴት እንደምመዘገብ በውስጥ መስመር ላክልኝ በናትህ