ቡጢ የሚያወርደውን «መንክ» መነኩሴ እንበለው?

ሆሄ ወዳድ፦
ሰላም የቃላት ቤተሰቦች። ከጓደኞቼ ጋር ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ታሪክ የሚተርክበትን ጨዋታ፣ በአማርኛ መጫወት ጀምረናል። እኔ የያዝኩት በእንግሊዝኛ «መንክ» የሚባለውን ነው፤ ጋሻ የለው፣ ጥሩር የለው፣ በባዶ እጁ የሚፋለም። ግን «መነኩሴው በቡጢ አለው» ባልኩ ቁጥር ሁሉም በሳቅ ይፈርሳል። ምን ልበለው? «ኪ» የሚሉትን ኃይሉንስ?

ግእዝ ናፋቂ፦
ቢስቁ አይፈረድባቸውም። በእኛ ዘንድ መነኩሴ ቆብ የደፋ፣ ዓለም በቃኝ ያለ ሰው ነው። ሲመነኩስ እኮ ጸሎተ ፍትሐት ይደገምበታል፣ ለዚህ ዓለም ሞቷልና። ታዲያ የሞተ ሰው ማንን ይማታል? (እግረ መንገዴን፣ መነኩሴን ከ«መነነ» የሚያዛምዱ ብዙ ናቸው፤ ዝምድና የላቸውም። መነነ ግእዝ ነው፣ ናቀ፣ ተወ ማለት። መነኮሰ ግን ከግሪኩ «ሞናኮስ»፣ ከብቸኛው የመጣ ነው፤ የእንግሊዝኛውም ምንጭ ያው ነው።) የጨዋታው መንክ ግን ሌላ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 «ብላክሙር» በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ሲገባ፣ አሜሪካ በኩንግ ፉ ያበደችበት ሰሞን ነበር። ስለዚህ በኩንግ ፉ በታወቀው የቻይና ገዳም ስም «ሻኦሊን» በለውና ተገላገል። ቪዲዮ ቤት ያደገ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል።

ቅኔ ዘረፋ፦
ሻኦሊን ይሁን። «ኪ»ን ግን አደራ፣ «መንፈስ» እንዳትለው፤ ጠበል ቦታ ይወስድሃል። የቻይንኛው ቃል ለእስትንፋስ ይቀርባል፣ ነገር ግን «እስትንፋሴን አውጥቼ መታሁት» ብትል ሞተሃል ማለት ነው። እኔ «ወኔ» እላለሁ። ወኔ ይከዳል፣ ይመለሳልም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው ሕግ ኪም እንዲሁ ያልቅና አረፍ ስትል ይመለስልሃል። ገጸ ባሕርይህ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ አንድ ኪ ከፍለህ ሁለት ምት የምትጨምርባትን ደግሞ «አንድ ወኔ አውጥቼ የቡጢ ናዳ አወረድኩበት» በላት። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ሕግ ከሆነ የምትጫወቱት ኪ የሚለው ስም ተነስቷል፣ «ትኩረት» ይሻላል፣ ለእኔ ግን ቀዝቃዛ ቃል ነው። አምስተኛ ደረጃ ላይ የሚመጣውን፣ ጠላትን የሚያደነዝዘውን ምት «አፍዝ አደንግዝ» ብትለው እንዴት ያምራል!

ግእዝ ናፋቂ፦
እዚህ ላይ አልስማማም። አፍዝ አደንግዝ የደብተራ ነው፤ አስማት ነው፣ ተጽፎ የሚታሰር። ለጠንቋዩ ገጸ ባሕርይ ይቀመጥለት። የመንኩ ምት ሰውየውን ባለበት የሚያስቀር ነው፣ ለዚህ ደግሞ «ክው ማድረግ» ቁጭ ብሎልሃል። «ደረቱን ሲለው ክው ብሎ ቀረ።» ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

ሆሄ ወዳድ፦
ክው አደረጋችሁኝ። የሚተኮስበትን ቀስት በእጁ የሚይዝባትስ? ሦስተኛ ደረጃ ላይ የምትመጣዋ?

ቅኔ ዘረፋ፦
መቅለብ ነዋ። ልጅ ሆነን ኳስ የቀለብነውን ያህል። «ቀለበው»፣ ከዚያ «መልሶ ላከለት»። መመለሷ አንድ ወኔ ታስወጣሃለች፣ እንዳትረሳ።