ረቂቁ ተቋረጠብኝ፦ ወደፊት ልቀጥል ወይስ ወደኋላ ልመለስ?

ፍንጭ ለቃሚዋ፦
የአንቶኒ ሆሮዊትዝን «ማግፓይ መርደርስ» የተባለ የግድያ ልብ ወለድ እያነበብኩ ነው። የጨረሳችሁት ሰዎች በፈጠራችሁ ገዳዩን እንዳትነግሩኝ!

ላላነበባችሁት፦ ሱዛን ራይላንድ የምትባል አርታኢ፣ አለን ኮንዌይ የሚባል ደራሲ የጻፈውን አዲስ ረቂቅ ይዛ ትቀመጣለች፤ እኛም አብረናት እናነባለን። ረቂቁ ሙሉ መጽሐፍ ነው፤ የራሱ የርዕስ ገጽ፣ የደራሲ ማስተዋወቂያና የአድናቆት አስተያየት ሳይቀር አለው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1955፣ ቦታው አንዲት የእንግሊዝ መንደር። የአንድ ትልቅ ቤት ሠራተኛ ከደረጃ ወድቃ ትሞታለች፤ ቀጥሎ የቤቱ ጌታ አንገቱ ተቀልቶ ይገኛል። መርማሪው አቲከስ ፑንድ ምስጢሩን ሊፈታው ነው ስል ረቂቁ ቁርጥ! መጨረሻው የለም።

እኔ እኮ ሱዛን መኖሯንም ረስቼ ነበር። መንደሩ ውስጥ ገብቼ ቄሱንም ሐኪሟንም እየጠረጠርኩ ነበር የማነበው፤ እንዲህ የዋጠኝ መጽሐፍ የለም። አሁን የሱዛን ታሪክ ሊቀጥል ነው። ዝም ብዬ ልቀጥል ወይስ ረቂቁን እንደገና በእርሳስ እያሰመርኩ ላንብበው? ቶሎ መጨረስ አልፈልግም፤ በደንብ ላጣጥመው ነው የምፈልገው።

የሌሊት አንባቢ፦
አትመለሺ እህቴ፣ ቀጥዪ። ሱዛንም የመጨረሻውን ክፍል አላየችም፤ አንቺ ያነበብሽውን ነው ያነበበችው። ያ እኩልነት ሳይቀዘቅዝ አብረሻት ሂጂ። ግን መጀመሪያ የምትጠረጥሪውን ሰው ከነምክንያቱ ጻፊ። አንድ ሰው ብቻ! አምስት ሰው ጠርጥሮ «አውቄው ነበር» ማለት አይቻልም።

ባለ መነጽሩ፦
እኔ ግን በከፊል ተመለሺ ባይ ነኝ። በተለመደው የግድያ ልብ ወለድ አንድ ፍንጭ የሚያስነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማን ገደለ? እዚህ ግን እያንዳንዱ ዝርዝር ሁለት ጥያቄ አለው። ለፑንድ ምን ይነግረዋል? ደግሞስ ኮንዌይ ይህን ለምን ጻፈው? የአንድ ገጸ ባሕርይ ስም፣ የአንድ ቤት አቀማመጥ፣ ተራ የሚመስል ጠብ፣ በውስጠኛው የፑንድ ታሪክ ማስዋቢያ ሆኖ በውጭኛው የሱዛን ታሪክ ምስክር ሊሆን ይችላል።

እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለመርማሪ ልብ ወለድ ሕግ ሲያወጣ፣ ገዳዩ ከታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ መጠቀስ አለበት፣ መርማሪውም ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ አይደብቅ ብሎ ነበር። ሁለት ታሪክ የሚያጣምር ደራሲ ይህን ውል ሁለት ጊዜ ነው የሚፈርመው። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ድፍረት ነው። ስለዚህ ሙሉውን አትድገሚው፤ ስሞቹን ብቻ ገልበጥ ገልበጥ አድርገሽ እያቸው።

ተረት ወዳድ፦
የ«ሺህ አንድ ሌሊት»ን የሦስቱን ፖም ታሪክ የምታስታውሱ አላችሁ? ከጤግሮስ ወንዝ በወጣ ሣጥን ውስጥ የተቆራረጠች ሴት ትገኛለች፤ ኸሊፋው ሃሩን አል ረሺድ ቪዚሩን (ዋና ሚኒስትሩን) ጃዕፈርን «በሦስት ቀን ገዳዩን አምጣ፣ አለዚያ ትሞታለህ» ይለዋል። ጃዕፈር ምንም ሳይመረምር ገዳዩ ራሱ መጥቶ ይናዘዛል፤ እንደ ምርመራ ካየነው ደካማ ነው። ግን መጨረሻው ላይ ጃዕፈር፣ በውሸቱ ለግድያው ሰበብ ሆኖ የተገኘውን የራሱን ባሪያ ከሞት ለማዳን ለኸሊፋው ሌላ ታሪክ ይተርካል። ይህን ሁሉ የምትተርከው ሸህራዛድም የራሷን ነፍስ እያተረፈች ነው!

ለዚህ ነው ውስጠኛ ታሪክ ሳገኝ መጀመሪያ ተራኪውን የምጠይቀው፦ ይህን በመተረክህ ምን ታተርፋለህ? የባለ መነጽሩ ሁለተኛ ጥያቄም ይኸው ነው፤ ከስሞቹ በፊት እሱን ያዢ።

ፍንጭ ለቃሚዋ፦
ተባረኩ! አንድ ሰው መርጬ ከነምክንያቱ ጽፌያለሁ፤ የገጸ ባሕርያቱንም ስም በሙሉ በወረቀት አሰፈርኩ። ስሞቹን ጎን ለጎን ሳያቸው የሆነ ነገር ሸትቶኛል፤ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፣ ያላነበበ ሰው አለ። ኮንዌይን ግን ከተጠርጣሪ ባልተናነሰ ዓይን ነው የማየው። ዛሬ ማታ ከሱዛን ጋር እቀጥላለሁ። ስጨርስ ተመልሼ እንከራከራለን፤ እስከዚያ «እኔ እኮ መጨረሻው ላይ...» ብሎ የሚጀምር ሰው እንዳላይ!