ካርተር ዉድሰን ከማስተማር የወጡት ለምን ነበር?

ጥያቄ፦
የአሜሪካዊውን የታሪክ ምሁር የዶክተር ካርተር ዉድሰንን ሕይወት ሳነብ አንድ ነገር አሳስቦኛል (ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በ1875 ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች ቨርጂኒያ ውስጥ ተወልደው፣ በዌስት ቨርጂኒያ ከሰል ሲቆፍሩ ቆይተው፣ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ሁለተኛ ደረጃ የገቡት እኚህ ሰው በ1922 ማስተማሩን ትተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለምርምርና ለኅትመት ሰጡ። እኔም መምህር ነኝ። ለዘር እኩልነት የሚቆረቆር መምህር በመጨረሻ ክፍሉን መልቀቅ ግድ ይሆንበታል?

መልስ፣ ከታሪክ መምህር፦
ዉድሰን ማስተማር የጀመሩት ጠመኔ ከመያዛቸው በፊት ይመስለኛል። ኦሊቨር ጆንስ የተባለ የእርስ በርስ ጦርነት ዘማች የነበረ ከሰል ቆፋሪ ቤት ውስጥ ሠራተኞቹ ማታ ሲሰበሰቡ፣ ወጣቱ ዉድሰን ጋዜጣ ጮክ ብለው ያነቡላቸው ነበር። ጆንስ ማንበብም መጻፍም ባይችል የተማረ ሰው እንደነበረ ዉድሰን ኋላ መስክረውለታል። ከ1903 ጀምሮ ፊሊፒንስ ውስጥ ባስተማሩበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋሉ፤ ሕፃናቱ አይተውት ስለማያውቁት የፖም ዛፍ እየዘመሩ እንግሊዝኛ እንዲማሩ ሲደረግ ትምህርቱ አልገባ ይላቸዋል፣ በየደጃቸው በሚበቅለውና እየነቀነቁ ፍሬውን በሚያራግፉት በሎምቦይ ዛፍ ሲተካላቸው ግን ወዲያው ይቀበሉታል። ይህንኑ በ1933 ባሳተሙት፣ ለጥቁር አሜሪካውያን የሚሰጠውን ትምህርት በሚተቸው መጽሐፋቸው ጽፈውታል። ክርክራቸው ሁሉ የበቀለው ከክፍል ነው።

መልስ፣ ከሌላ ተሳታፊ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን መውጣታቸው በምርጫቸው ብቻ እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል። በ1912 ከሃርቫርድ በታሪክ ዶክትሬት ያገኙት፣ ከታዋቂው ጥቁር ምሁር ከዱ ቦይስ ቀጥሎ ሁለተኛው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነው፣ በዋሽንግተን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እያስተማሩ ነው። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ዲን በሆኑ በዓመቱ ግን ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጋር ባለመግባባት በ1920 ለቀቁ፤ ከዚያም በዌስት ቨርጂኒያ አንድ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ዲን ሆነው ሠርተው በ1922 ማስተማሩን ተዉ። ያን ጊዜ የሚደገፉበት ነገር ነበራቸው፦ በ1915 የመሠረቱት የጥቁሮች ሕይወትና ታሪክ ጥናት ማኅበርና በማግሥቱ ዓመት የጀመሩት የምርምር መጽሔት። በ1926 የጥቁሮች ታሪክ ሳምንትን ሲያስጀምሩ የፕሬዚዳንት ሊንከንና የፀረ ባርነት ታጋዩ የፍሬድሪክ ዳግላስ ልደት የሚውልበትን የካቲትን የመረጡት፣ ሕዝቡ ቀድሞውንም ያከብረው ስለነበር ነው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በ1937 በተለይ ለትምህርት ቤት መምህራን የሚሆን ሌላ መጽሔት መክፈታቸው ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ማስተማሩን ቢተዉም የሚያስቡት ስለ መምህሩ ነበር።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የፖሙን ዛፍ ነገር ካነበብኩ በኋላ የትምህርት ማስታወሻዬን አውጥቼ ስመረምር፣ ተማሪዎቼ አይተዋቸው የማያውቁ ምሳሌዎች በየገጹ አገኘሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ዛሬ ማታ መለወጥ ጀምሬያለሁ።