ተማሪ ተማሪን ሲመታ፦ መጀመሪያ ቅጣት ወይስ ሳይኮሎጂስት?

መነሻ፦ ተማሪ ሲደባደብ ብዙ ትምህርት ቤቶች ወዲያው ያግዱታል። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ሳይኮሎጂስት ይየው የሚሉም አሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መምህር፦ እኔ ቅጣት ይቅደም ባይ ነኝ። አርባ ልጅ ይዤ አንዱ ወንበር ሲወረውር ምን ላድርግ? ሳይኮሎጂስቱ ጋ ይሄዳል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ይቀመጣል። የተመታው ገና እያለቀሰ ነው።

ሳይኮሎጂስት፦ መምህር፣ ድካምዎ ይገባኛል። ግን ሥራችን ማባበል አይደለም። ልጁ ከመምታቱ በፊት ምን ሆነ? ከመታ በኋላስ ምን አገኘ? ይህን እንመዘግባለን። በየሳምንቱ የሚደባደብ አንድ ልጅ ነበር። መዝገቡን ስናየው ጠቡ ሁሌ የሚነሳው ጮክ ብሎ የማንበብ ተራው ሊደርስ ሲል ነው። ማንበብ አይችልም ነበር። ከክፍል በወጣ ቁጥር ከንባቡ ያመልጣል። እኛ ቅጣት ያልነው ለእሱ ግልግል ነበር! ንባብ ለብቻው ስናስተምረው ጠቡ ቀነሰ። ወራት ፈጅቷል፣ አልዋሽም።

እናት፦ የተመታችው የእኔ ልጅ ናት። ጠዋት ጠዋት "ሆዴን አመመኝ" እያለች ታለቅሳለች። ስለ መቺው ሁለቴ ተሰበሰብን። ስለ እሷ አንድም ቀን።

መምህርት፦ እውነትሽን ነው እህቴ። ደግሞ ጠበኛ ሁሉ አንድ አይደለም። ሲነኩት የሚፈነዳ አለ፤ አስቦበት ደካማ እየመረጠ የሚያጠቃም አለ። ሁለተኛውን "ንዴትህን ተቆጣጠር" ብንለው ምን ዋጋ አለው? አልተናደደማ! እሱ ጥብቅ ክትትል ያስፈልገዋል። በጅምላ ማባረሩ ግን አያዋጣም። የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር ግብረ ኃይል በ2008 እ.ኤ.አ. ጥናቶችን ፈትሾ፣ ምሕረት የለሽ ቅጣት ትምህርት ቤትን ሰላማዊ እንደሚያደርግ ማስረጃ አላገኘም።

መምህር፦ የንባቡ ነገር ሆዴን በላኝ። እኔም ስንቱን አስወጥቻለሁ። ግን ባለሙያው የት አለ? የአሜሪካ የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስቶች ማኅበር ለ500 ተማሪ አንድ ይመደብ ይላል። አንድ ሰው ሦስት ትምህርት ቤት እየሮጠ መዝገቡን ማን ይይዛል? እኔው ነኝ።

ሳይኮሎጂስት፦ አዎ፣ ያለ እርስዎ አይሆንም። ሰዓቱን፣ ከጠቡ በፊትና በኋላ የሆነውን ብቻ ለሁለት ሳምንት ይጻፉልኝ። ወንበር ከተወረወረ ግን ሌሎቹን ልጆች ያስወጡ፣ ይጥሩኝ፤ ያኔ የሚቀድመው ደህንነት ነው። እናቴ፣ ልጅዎን ቀድመን ማነጋገር ነበረብን። አጥፍተናል።

እናት፦ እሺ። ነገ ይዣት ልምጣ?