የእንግሊዝኛው «ባይ» እና የእኛ «በ»

«ባይ (by) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሁልጊዜ በ ብዬ ብተረጉመው ምን ይጎድልብኛል?» ላልከው ወንድሜ፦

ብዙ ጊዜ ምንም አይጎድልብህም። በስህተት፣ በእጅ፣ በአውቶቡስ፣ በፖስታ በምንልበት ቦታ እነርሱም ባይ ይላሉ። የክፍል ስፋት «ሦስት በአራት» ስንልም እንደዚሁ ነው። ከሁሉ የሚደንቀኝ ቢኮዝ («ምክንያቱም») የሚለው ቃላቸው ነው። ቃሉ ጥንት «ባይ ኮዝ» ተብሎ በሁለት ይጻፍ ነበር፤ ቢፈታ «በምክንያት» ይሆናል። እኛም እኮ «በዝናቡ ምክንያት ቀረሁ» እንላለን።

ችግሩ የእኛ በ ብዙ ሥራ መደረቡ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ልብ ብለህ እየው። የመጀመሪያው በ ያለ ችግር ባይ ይሆናል፤ «ሊትል ባይ ሊትል» ይሉታልና። ሁለተኛው ግን እምቢ ይላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ በመኪና ሲሄድ ባይ፣ በእግሩ ሲሄድ ግን ኦን ነው የሚለው። «መስኮቱ በሌባ በድንጋይ ተሰበረ» ብትልም ሌባው ባይን፣ ድንጋዩ ዊዝን ይወስዳል። ድንጋዩ ማንም ሳይወረውረው ከዳገት ተንከባልሎ መስኮቱን ቢሰብረው ደግሞ ባይ ለእርሱ ይሰጣል፤ አድራጊው ራሱ ሆኗልና።

የባይ የጥንት ትርጉሙ «አጠገብ» ነው። «ባይ ዘ ሪቨር» የተባለ ቤት ወንዙ ዳር ያለ ቤት ነው፤ እዚህ ላይ በ ብቻውን አይበቃም።

እኔን በትርጉም ሥራዬ ከሁሉ ይበልጥ ያስቸገረኝ የጊዜው ባይ ነው። አንድ ቀን «መንገዱ እስከ ዓርብ ይዘጋል» የሚል ማስታወቂያ ወደ እንግሊዝኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። ብዕሬን አንሥቼ ቆምኩ። አሁን ተዘግቶ ዓርብ ይከፈታል ማለት ነው? ወይስ አሁን ክፍት ነው፣ ግን ዓርብ ሳያልፍ ይዘጋል? የእኛ እስከ ሁለቱንም ይችላል፤ እንግሊዝኛ ግን ለመጀመሪያው አንቲል፣ ለሁለተኛው ባይ ካላልክ አይቀበልህም። ወደ ጸሐፊው ደውዬ ስጠይቅ ሁለተኛው ሆኖ ተገኘ። ሳልጠይቅ አንቲል ብዬ ጽፌው ቢሆን ኖሮ፣ ያን እንግሊዝኛ ያነበበ ሾፌር ክፍት የሆነውን መንገድ ትቶ ሲዞር ይሰነብት፣ መንገዱ በተዘጋበት ቀን ደግሞ ይከፈታል ብሎ ይመጣ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባይን ወደ አማርኛ ስመልስ «ከዓርብ ሳያልፍ» እላለሁ፤ ለአንቲል ደግሞ «እስከ ዓርብ ድረስ ተዘግቶ ይቆያል»። «ይቆያል» የምትለዋ ቃል ብዥታውን ታጠራዋለች። «ሳያልፍ» ግን ለማስታወቂያ ትንሽ ይረዝምብኛል። ያጠረና የጠራ ያላችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።