ሁለት ቋንቋ መናገር አእምሮን በእርግጥ ያጎለብታል?

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት)፦
እንደምን ሰነበታችሁ። በቤታችን ውስጥ እኔ ልጆቼን በአንድ ቋንቋ፣ አባታቸው ደግሞ በሌላ ቋንቋ እናነጋግራቸዋለን። ታላቂቱ ሁለቱንም አቀላጥፋ ትናገራለች። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ታናሽ ወንድሟ ግን ከእኩዮቹ ያነሰ ይናገራል፤ የሚናገረውንም ከሁለቱ ቋንቋዎች እየቀላቀለ ነው። ምክር በጠየቅሁ ቁጥር የማገኘው መልስ እርስ በርሱ የሚጣረስ ሆኖብኛል። ገሚሱ «አእምሮው ተጨናንቋልና አንደኛውን ቋንቋ ተዉለት» ይለኛል። ሌላው ደግሞ ሁለት ቋንቋ ያወቀ ልጅ በትምህርቱ ብልህ፣ በትኩረቱም ጽኑ እንደሚሆን፣ ሲያረጅ እንኳ የመርሳት በሽታ ዘግይቶ እንደሚይዘው በሙሉ እርግጠኝነት ይነግረኛል። ጥናቶቹን የምታውቁ ሰዎች የትኛው እውነት እንደሆነ ብታስረዱኝ ውለታ ይሆንብኛል።

መልስ (የሥነ ልቦና አንባቢ)፦
እህቴ፣ የሰሙዋቸው ሁለቱም አስተያየቶች በየዘመናቸው የምሁራን አቋም ነበሩ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የወጡ ብዙ ጽሑፎች ሁለት ቋንቋ የልጅን አእምሮ ያዳክማል ይሉ ነበር። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ጥናቶች ብዙዎቹ የድሃ ስደተኛ ልጆችን በደንብ በማያውቁት ቋንቋ ይፈትኑና ውጤታቸውን ኑሯቸው ከተደላደለ ልጆች ውጤት ጋር ያነጻጽሩ ስለነበር፣ የለኩት የቋንቋን ተጽዕኖ ሳይሆን የኑሮን ልዩነት ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1962 ኤሊዛቤት ፒል እና ዋላስ ላምበርት በሞንትሪያል የአሥር ዓመት ልጆችን በዕድሜ፣ በፆታና በቤተሰብ ኑሮ አመሳስለው ሲፈትኑ ሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎቹ በልጠው ተገኙ። (እርግጥ ነው፣ ለጥናቱ የተመረጡት ሁለቱንም ቋንቋ እኩል የሚችሉ ልጆች ብቻ ስለነበሩ ምርጫው ራሱ ጎበዞቹን ሳይጠራ አልቀረም።)

ከዚያ በኋላ ትኩረት ላይ ያተኮሩ ሙከራዎች መጡ። በጣም የታወቀው እንዲህ ያለ ነው፦ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ባለቀለም አራት ማዕዘን ብቅ ይላል፤ ተፈታኙ ለአንደኛው ቀለም የግራውን፣ ለሌላው የቀኙን ቁልፍ ይጫናል። የግራውን ቁልፍ የሚጠይቀው ቀለም በስክሪኑ ቀኝ በኩል ሲታይ እጅ ወደ ቀኝ ይሳባል፤ ያንን ስበት ለመግታት ቅጽበታዊ መዘግየት ይፈጠራል። በቶሮንቶ የዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ ኤለን ቢያሊስቶክ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ መዘግየት በሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎች ላይ እንደሚያንስ፣ ልዩነቱም በአረጋውያን ዘንድ ጎልቶ እንደሚታይ አሳዩ። የሰጡት ምክንያት የሚያሳምን ነው፦ አንዱን ቋንቋ ስንናገር ሌላው አይተኛም፤ ስለዚህ አእምሮ የማይፈለገውን ቋንቋ መግታትን ዕድሜ ልኩን ይለማመዳል። ሌላው ቋንቋ እንደማይተኛም በዓይን ክትትል ታይቷል። ሩስኛና እንግሊዝኛ የሚያውቁ ሰዎች በሩስኛ አንድ ዕቃ እንዲያነሱ ሲታዘዙ፣ የእንግሊዝኛ ስሙ ከታዘዙት ቃል ጋር በድምፅ የሚመሳሰለውን ሌላ ዕቃ ዓይናቸው አስቀድሞ ይቃኝ ነበር።

መልስ (ተጠራጣሪው)፦
ወንድሜ የጻፈው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ታሪኩን ከመንገድ ላይ አቁሞታል። ተመራማሪዎቹ ኬነት ፓፕ እና ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ2013 እነዚህን መሰል ፈተናዎች ደጋግመው ሠርተው ወጥ የሆነ ብልጫ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአዋቂዎች ላይ የተሠሩ 152 ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ ቀድሞውንም ትንሽ የነበረው ብልጫ፣ ለኅትመት አድልዎ እርማት ሲደረግ ጠፋ። የኅትመት አድልዎ ማለት ብልጫ ያገኘ ጥናት በቀላሉ ሲታተም ያላገኘው መሳቢያ ውስጥ መቅረቱ ነው። በዓመቱም በአሜሪካ ዕድሜያቸው 9 እና 10 ዓመት የሆኑ ከ4,500 በላይ ልጆች መረጃ ተፈትሾ በትኩረትም ሆነ ራስን በመግታት ረገድ ብልጫ አልተገኘም። በእኔ አመለካከት፣ ቁልፍ በመጫን ላይ የሚታይ የቅጽበት ልዩነት ቢኖር እንኳ እሱን «ብልህነት» ብሎ ለወላጅ ማብሰር ከመጀመሪያውም ተገቢ አልነበረም።

የመርሳት በሽታው ጉዳይ ግን በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የ184 ሕሙማን መዝገብ ሲታይ የበሽታው ምልክት በሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ላይ በአራት ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነበር የጀመረው። በሕንድ ሃይደራባድ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የ648 ሕሙማን ጥናትም የአራት ዓመት ተኩል መዘግየት አሳየ፤ መዘግየቱ ፊደል ባልቆጠሩትም ላይ በመታየቱ «ትምህርት ነው እንጂ ቋንቋ አይደለም» የሚለውን ክርክር አዳክሟል። ደካማው ጎን ሁለቱም ጥናቶች የተነሡት ሐኪም ቤት ከመጡ ሰዎች መሆኑ ነው፤ ማን ቶሎ ይመጣል፣ ማንስ ዘግይቶ ይመጣል የሚለው በብዙ ነገር ይወሰናል። ጤነኛ አረጋውያንን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 በኒው ዮርክ ስፓኒሽ ተናጋሪ ስደተኞች ላይ የወጣው፣ በሁለት ቋንቋ የተነሣ የቀነሰ የበሽታ ዕድል አላገኙም። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የኤዲንብራው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የተወለዱ 853 ሰዎች በ11 ዓመታቸው፣ እንደገናም ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ስለተፈተኑ የልጅነት ችሎታቸውን ከሒሳቡ ማውጣት ተችሏል፤ ሁለተኛ ቋንቋ ያወቁት፣ ዘግይተው የተማሩት ጭምር፣ በልጅነት ውጤታቸው ከሚጠበቀው በላይ ሆነው ተገኙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቋንቋ በሽታውን ያስቀራል የሚል ከባድ ተመራማሪ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2012 በካናዳ በአንድ የሕመም ደረጃ ላይ የነበሩ የአልዛይመር (ዋነኛው የመርሳት በሽታ ዓይነት) ሕሙማን አንጎል በራጅ ሲታይ ይበልጥ የመነመነው የሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ነበር። ይህ ማለት አንጎላቸው የበለጠ ተጎድቶም ከሌሎቹ እኩል ሲሠራላቸው ቆይቷል ማለት ነው።

የጠያቂዋ ምላሽ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ እርጅናው ተረድቻለሁ፤ አሁን የሚያስጨንቀኝ ግን ታናሹ ነው። አንዱን ቋንቋ ብናቆምለት ንግግሩ ይፈጥን ይሆን?

መልስ (የንግግር ሕክምና ባለሙያ)፦
አይፈጥንም፤ ስለዚህ አታቁሙ። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር እክል አያመጣም። ልጁ እክል ቢኖርበት ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ላይ ይታያል እንጂ አንዱን በመቀነስ አይድንም፤ ልጁ የሚያጣው ከአንደኛው ወላጁ ጋር የሚግባባበትን ብቻ ነው።

መቀላቀሉም የመደናገር ምልክት አይደለም። በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ ሁለት ቋንቋ ሲሰሙ የቆዩ ጨቅሎች እንደተወለዱ ሁለቱን ለይተው እንደሚሰሙ ተረጋግጧል። ልጁ የሚቀላቅለው በአንደኛው ቋንቋ ገና ቃሉን ስላላገኘ፣ አሊያም እናንተ ራሳችሁ ስትቀላቅሉ ስለሰማ ነው። የእናንተ «አንድ ወላጅ፣ አንድ ቋንቋ» አካሄድም አዲስ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ዡል ሮንዣ ልጁን በዚህ መንገድ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ማሳደጉን እ.ኤ.አ. በ1913 በመጽሐፍ አሳትሟል።

እውነተኛው ዋጋ ሌላ ቦታ ነው። ልጁ የሚሰማበት ሰዓት ለሁለት ስለሚከፈል በእያንዳንዱ ቋንቋ የሚያውቀው ቃል አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚሰማ እኩያው ያንሳል። አዋቂዎችም ቢሆኑ የዕቃ ሥዕል አይተው ስሙን ለመጥራት ጥቂት ይዘገያሉ፤ ቃሉ አፋቸው ላይ ደርሶ የሚጠፋባቸውም አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚያውቁት በበለጠ ነው። ስለዚህ ልጅዎን በአንድ ቋንቋ ብቻ ከእኩዮቹ ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

ለጥቂት ቀናት ከራሱ አንደበት የሚያወጣውን ቃል ሁሉ እርስዎ በአንድ ዓምድ፣ አባቱ በሌላ ዓምድ ጻፉና የሁለቱን ድምር ተመልከቱ። ድምሩ ከ50 ቃል ካነሰ፣ ወይም ሁለት ቃል አገጣጥሞ የማይናገር ከሆነ (አንዱ ከአንደኛው፣ ሌላው ከሁለተኛው ቋንቋ ቢሆንም ይቆጠራል)፣ በዚህ ዕድሜ ሳይዘገይ በባለሙያ መታየት ይኖርበታል። ያን ጊዜ የመስማት ምርመራው ይቅደም፤ ዝርዝሩንም ይዛችሁ ሂዱ፣ መርማሪውም በሁለቱም ቋንቋ እንዲፈትነው አጥብቃችሁ ጠይቁ።