የአልዛይመር አዳዲስ መድኃኒቶች፦ ብትጠየቁ ወላጆቻችሁን ታስወጓቸው ነበር?

ጠያቂው፦ ሌካኔማብ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ዶናኔማብ በ2024 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ አግኝተዋል። ሁለቱም አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመውን አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ይጠርጋሉ። የመርሳት በሽታውን ያዘገዩታል እንጂ አያድኑትም። ለወላጆቻችሁ ትፈቅዱ ነበር?

ቁጥር ቆጣሪው፦ እኔ አልፈቅድም። 1,795 ሰዎች በተሳተፉበት የሌካኔማብ ሙከራ፣ ከ18 ወራት በኋላ በመድኃኒቱና መድኃኒት በሌለበት ማስመሰያ መካከል የታየው ልዩነት 0.45 ነጥብ ነው፤ የበሽታውን ክብደት የሚለካው መለኪያ 18 ነጥብ ድረስ ይሄዳል። «27 በመቶ አዘገየ» ሲባል ጆሮ ይሞላል። ውጤቱ ያው ነው፣ ልብሱን ቀይሮ መጣ እንጂ። በዚያ ላይ ከወሰዱት 12.6 በመቶው አንጎላቸው አብጧል።

የእናቷ ልጅ፦ ወንድሜ፣ አምና እናቴ ቁልፏን ስኳር ዕቃ ውስጥ ከትታ ቀኑን ሙሉ ስትፈልገው ዋለች። ዘንድሮ ቁልፉን በእጇ ይዛ «ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ያለውን ጊዜ ጥቂት ወራት ቢያረዝምልኝ ትንሽ ነው ትለኛለህ?

ነርሷ፦ እህቴ፣ ሕመምሽ ይገባኛል። ነገር ግን የሚሰጠው በሽታው ገና ሲጀምር ብቻ ነው፤ ቁልፍ ምን እንደሆነ ለጠፋባት እናት አይታዘዝም። እብጠቱ በአብዛኞቹ ላይ የታየው በምስል ብቻ ነው፣ ምንም አልተሰማቸውም። ሆኖም የሞቱም አሉ። ኤፒኦኢ4 የተባለውን ዘረመል (ጂን) ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው አደጋው ይብስበታል፤ ይህን ሳላጣራ እኔ መርፌ አልነካም።

ቁጥር ቆጣሪው፦ ከእነሱ በፊት የመጣው አዱካኑማብ የተባለው መድኃኒትም አሚሎይድን ጠርጎ ነበር። አማካሪ ኮሚቴው ሳይደግፈው በ2021 ተፈቀደ፣ ሦስት አማካሪዎች ተቆጥተው ለቀቁ፣ በ2024 አምራቹ ራሱ ተወው። ታዲያ መጥረግ ማዳን ነው?

የላቦራቶሪ ሰው፦ ጥያቄህ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ሰዓቱ ላይ ይመስለኛል። አሚሎይድ መጠራቀም የሚጀምረው መርሳት ከመታየቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። እስካሁን የሠራነው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት ነው። አሁን ሌካኔማብ አሚሎይድ ባለባቸው፣ ምልክት ግን በሌላቸው ሰዎች ላይ እየተሞከረ ነው። ትሮንቲኔማብ የተባለው ሌላ በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት ደግሞ በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር በቀላሉ እንዲያልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። እኔ ተስፋዬን የጣልኩት እዚያ ላይ ነው።

ቁጥር ቆጣሪው፦ ስለዚህ ጤነኛ ሰው ለዓመታት ሊወጋ ነው? ያ ደግሞ ከዚህኛው የባሰ ክርክር ነው።

የእናቷ ልጅ፦ ያ ጤነኛ ሰው እኔ ነኝ። ለእናቴ ረፍዷል፣ ነርሷ እውነቷን ነው። አሚሎይድ እንዳለብኝ የሚጠቁመውን የደም ምርመራ ለራሴ ላድርግ ወይስ ልተው እያልኩ ሁለት ወር ሆነኝ። መርፌውን አልፈራም፤ የውጤቱን ፖስታ መክፈት ነው የሚያስፈራኝ።